አስቸኳይ፦ እናቴ የአሜሪካ ዜጋ ናት፤ ስሟ ግን ከመራጮች መዝገብ ወጥቷል

የእትዬ ልጅ (ረቡዕ፣ ኦክቶበር 30 ቀን 2024፣ ማታ)
ጤና ይስጥልኝ። ነገ ከሥራ ፈቃድ ወስጄ እናቴን ድምፅ እንድትሰጥ ልወስዳት ተዘጋጅቼ ነበር። ዛሬ ማታ ለማንኛውም ብዬ ስሟን በኢንተርኔት ስፈልግ ከመራጮች መዝገብ ላይ የለችም። ደንግጬ የተከመረውን ፖስታ ሳገላብጥ ከካውንቲያችን የምርጫ ምዝገባ ቢሮ የመጣ፣ ማንም ያልከፈተው ደብዳቤ አገኘሁ። ዜጋ ላይሆኑ እንደሚችሉ የሚያሳይ መረጃ ስለደረሰን በ14 ቀናት ውስጥ ዜግነትዎን በፊርማዎ ካላረጋገጡ ስምዎ ይሰረዛል ይላል፤ ቀኑ ካለፈ ቆይቷል። እናቴ ቃለ መሐላ ፈጽማ ዜግነት የወሰደችው በ2016 ነው፤ በ2020ም ድምፅ ሰጥታለች። አሁን ምን ላድርግ? ጠበቃ መያዝ ያስፈልገኛል? እሷ ደግሞ «ያስሩኝ ይሆን?» እያለች ተጨንቃለች።

የዳላሱ
ወንድሜ፣ አትጨነቅ። ፓስፖርቷን ይዘህ ሂድ። እዚህ ቴክሳስ ከ2011ዱ ሕግ ወዲህ የሚቀበሏቸው ባለ ፎቶ መታወቂያዎች ሰባት ዓይነት ናቸው፤ መንጃ ፈቃድ፣ ፓስፖርት፣ ፎቶ ያለበት የዜግነት ሰርተፍኬት፣ የወታደር መታወቂያ፣ የሽጉጥ ፈቃድ ሳይቀር። እናትህ ዕድሜያቸው 70 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ መታወቂያው ጊዜው ያለፈበት ቢሆን እንኳ ይሠራል። ከሰባቱ አንዱም ከሌላቸውና ሊያገኙ ያልቻሉበት በቂ ምክንያት ካለ፣ ምክንያቱን የሚገልጽ ቅጽ ፈርመው የመብራት ወይም የባንክ ደረሰኝ በማሳየት ድምፅ መስጠት ይችላሉ። በአጭሩ ፓስፖርት ካለ ነገሩ አለቀ።

መምህር ነኝ
ከሁሉ አስቀድሞ መመለስ ያለበት ጥያቄ የትኛው ግዛት ነው የሚለው ነው። አሜሪካ እንደ ቀበሌ ለሁሉም ነዋሪ መታወቂያ የሚያድል አንድ መሥሪያ ቤት የላትም፤ ምርጫውንም የሚያስተዳድረው ማዕከላዊው መንግሥት ሳይሆን እያንዳንዱ ግዛትና ካውንቲ ነው። በዚህ ምክንያት በአንዱ ግዛት መራጩ ስሙንና አድራሻውን ተናግሮ ድምፅ ሲሰጥ፣ በሌላው ባለ ፎቶ መታወቂያ ካላሳየ ድምፁ አይቆጠርለትም። ኢንዲያና በ2005 ያወጣችው የፎቶ መታወቂያ ሕግ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2008 በ6 ለ3 ድምፅ ጸንቷል። በዚያው ውሳኔ ላይ ዳኛ ስቲቨንስ በኢንዲያና ታሪክ ውስጥ አንድ ሰው በአካል ቀርቦ በሌላ ሰው ስም ድምፅ ስለመስጠቱ በመዝገቡ ውስጥ ምንም ማስረጃ እንደሌለ ጽፈዋል፤ ሕጉን ግን አላፈረሱትም። ይህን የማነሳው የመታወቂያና የዜግነት ጥያቄዎች ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች መሆናቸውን ጠያቂው እንዲያስተውሉ ነው። የእናትዎ ችግር ማንነታቸውን ማሳየት አይደለም፤ ስማቸው ከመዝገቡ መውጣቱ ነው። እባክዎ የሚኖሩበትን ግዛት ይግለጹልን።

ሕግ ይከበር
እኔ በጠያቂው አነጋገር ላይ ጥያቄ አለኝ። ደብዳቤ ተልኳል፣ 14 ቀን ተሰጥቷል፣ ያልከፈታችሁት እናንተ ናችሁ። አገር ቤት የቀበሌ መታወቂያ ሳናሳይ የመራጭነት ካርድ አንወስድም ነበር፤ እዚህ ሲሆን ቁጥጥሩ ለምን እንደ በደል ይቆጠራል? ዜጋ ያልሆነ ሰው ድምፅ ከሰጠ የእኔም የእናትዎም ድምፅ ዋጋ ያጣል።

የጃንዋሪ 1 ልጅ
ደብዳቤውን የጻፈው ኮምፒውተር ነው ብዬ እገምታለሁ። ስምና የልደት ቀን እያመሳከሩ ሰው የሚሰርዙ ከሆነ እኛ ሐበሾች አለቀልን፤ የልደት ቀናችን በጠፋ ጊዜ ግማሾቻችንን ጃንዋሪ 1 ላይ አስወልደውናል። በዚያ ላይ የእናትና የልጅ የአባት ስም አይመሳሰልም። ነገ ጣቢያው ላይ «እውነት እናትህ ናቸው?» ቢሉህ እንዳትቆጣ።

የእትዬ ልጅ
ሰሜን ቨርጂኒያ ነን፤ ሁሉም ሰው የሚያውቀው መስሎኝ ነበር። እናቴን ስጠይቃት ባለፈው ክረምት መታወቂያዋን ስታሳድስ የሞላችው ወረቀት ላይ ስለ ዜግነት የሚጠይቅ ሣጥን እንደነበረ፣ ጥያቄው ስላልገባት ባዶውን እንዳለፈችው ነገረችኝ። ምንጩ ይህ ይሆን? የዜግነት ሰርተፍኬቷና ፓስፖርቷ በእጄ ናቸው።

የዳላሱ
እንግዲያው እንዳልኩህ ፓስፖርቷን ይዘህ ሂድ።

ከጠረጴዛው ጀርባ
ቨርጂኒያ ውስጥ በምርጫ ጣቢያ ሠራተኛነት አገልግያለሁና የማውቀውን ልጻፍ። በመጀመሪያ የደብዳቤው ምንጭ የገመቱት ሣጥን ሳይሆን አይቀርም። ገዥው ግሌን ያንግኪን በኦገስት 7 ቀን 2024 ባወጡት ትእዛዝ መሠረት፣ መንጃ ፈቃድና መታወቂያ ሰጪው መሥሪያ ቤት ስለ ዜግነት በሚጠይቀው ቦታ ላይ «አይደለሁም» ያሉ ወይም ባዶ የተዉ ሰዎችን ስም በየዕለቱ ለምርጫ ቢሮ ያስተላልፋል። በዚህ መንገድ ከ1,600 የማያንሱ ሰዎች ተሰርዘዋል። የፌዴራል ዳኛዋ ፓትሪሺያ ጃይልስ ባለፈው ዓርብ ስማቸው እንዲመለስ አዝዘው ነበር፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን ዛሬ ትእዛዙን ስላገደው፣ ስማቸው በራሱ ጊዜ ይመለሳል ብላችሁ አትጠብቁ።

ይህ ማለት ግን እናትዎ በዚህ ምርጫ ድምፅ አይሰጡም ማለት አይደለም። በቨርጂኒያ ሕግ የመደበኛው ምዝገባ ጊዜ ካለፈ በኋላም አንድ ሰው በአካል ቀርቦ በዚያው ቀን ተመዝግቦ በዚያው ቀን ድምፅ መስጠት ይችላል። ነገ፣ ከነገ ወዲያ ወይም ቅዳሜ ከሄዱ ቀደም ብሎ ድምፅ ወደሚሰጥበት ቦታ ይውሰዷቸው፤ ካልተመቸዎት በምርጫው ቀን፣ ማክሰኞ ዕለት፣ በሠፈራቸው የምርጫ ጣቢያ ይቻላል። እዚያ ሲደርሱ «ስሟ ተሰርዟል» በሚለው ክርክር ጊዜ አያባክኑ፤ «በዛሬው ቀን ተመዝግባ ድምፅ መስጠት ትፈልጋለች» ይበሉ። ቅጹን ይሞላሉ፣ የዜግነቱን ሣጥን በዚህ ጊዜ በደንብ አይተው ምልክት ያደርጋሉ፣ ይፈርማሉ። ከዚያ የሚሰጣቸው ፕሮቪዥናል ባሎት የሚባለው ነው፤ የድምፅ ወረቀቱ ወደ ማሽን አይገባም፣ ውጭው ላይ መግለጫቸው በተጻፈበት አረንጓዴ ፖስታ ውስጥ ይታሸጋል። ከምርጫው ማግስት ጀምሮ የካውንቲው የምርጫ ቦርድ እያንዳንዱን ፖስታ መርምሮ ይቆጠር ወይም አይቆጠር ይላል። ስብሰባው ላይ መገኘት ይፈቀድላቸዋል፤ ቦታውንና ሰዓቱን የያዘ ወረቀት ሲሰጧችሁ እንዳትጥሉት።

መታወቂያን በተመለከተ ቨርጂኒያ በ2020 ሕጉን ስላላላች ፎቶ የሌለው የባንክ ወይም የመብራት ደረሰኝ እንኳ ይበቃል። ፓስፖርትና ሰርተፍኬት የግድ አይደሉም፤ እኔ ብሆን ግን ሁለቱንም እይዛቸው ነበር። ሰርተፍኬቱን አሳይተው ወዲያው መልሰው ወደ ቦርሳዎ ያስገቡት፤ ቢጠፋ ምትክ ለማውጣት ከ500 ዶላር በላይ ይጠይቃል። ቅጹን ለማንበብ ወይም ለመሙላት የሚቸገሩ ከሆነ በፌዴራል ሕግ የመረጡትን ሰው ይዘው የመግባት መብት አላቸው፤ አሠሪያቸውና የሠራተኛ ማኅበራቸው ተወካይ ብቻ ናቸው የማይፈቀድላቸው። ስለዚህ እርስዎ አብረው ገብተው ማስተርጎም ይችላሉ፤ የረዳትነት ቅጽ ላይ ሁለታችሁም ትፈርማላችሁ። ለዚህ ሁሉ ጠበቃ አያስፈልግም። ስለ እስሩም እናትዎን ያረጋጉልኝ፤ ዜጋ የሆነ ሰው ዜጋ ነኝ ብሎ በመፈረሙ የሚከሰስበት ሕግ የለም።

ሕግ ይከበር
ማብራሪያው ጥሩ ነው፤ ሚዛን ግን ይጎድለዋል። ይህ አሠራር ያንግኪን የፈጠሩት አይደለም፤ በ2006 ዴሞክራቱ ገዥ ቲም ኬን የፈረሙት ሕግ ነው። ከ2022 መጀመሪያ እስከ 2024 አጋማሽ በዚሁ መንገድ 6,303 ዜጋ ያልሆኑ ሰዎች እንደተሰረዙ የግዛቱ መንግሥት ራሱ አስታውቋል።

አትላንታ ነኝ
ያ ቁጥር ዜጋ መሆናቸው አጠራጥሮ የተሰረዙትን እንጂ ዜጋ አለመሆናቸው የተጣራባቸውን አይነግረንም። የእትዬ ልጅ እናትም ከተሰረዙት አንዷ ናቸውና በመንግሥት ቆጠራ «ዜጋ ያልሆኑ» ተብለው ይገቡ ነበር። ሕጉ የቲም ኬን መሆኑ ልክ ነው፤ ፍርድ ቤት የደረሰው ክርክር ግን ስለ ጊዜው ነው። የ1993ቱ የፌዴራል የምዝገባ ሕግ ከምርጫ በፊት ባሉት 90 ቀናት ውስጥ ስሞችን በጅምላ ማጽዳት ይከለክላል፤ ትእዛዙ የወጣው ደግሞ ልክ በዘጠናኛው ቀን ነው።

የዳላሱም ቴክሳስን ስላነሳ በ2019 እዚያ የሆነውን ላስታውስ። የግዛቱ የምርጫ ኃላፊ ዴቪድ ዊትሊ 95,000 የሚያህሉ የተመዘገቡ ሰዎች ዜጋ ላይሆኑ ይችላሉ ብለው አወጁ። ሲጣራ ከመካከላቸው በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩት በግሪን ካርድ ዘመናቸው መንጃ ፈቃድ አውጥተው በኋላ ዜግነት የወሰዱ፣ እንደ እኛ ያሉ ሰዎች ነበሩ። ዝርዝሩ በስምምነት ተሰረዘ፤ ሰውዬውም በዚያው ዓመት ሹመታቸው ሳይጸድቅ ቀርቶ ለቀቁ። እዚህ ጆርጂያ በሪፐብሊካኑ የምርጫ ኃላፊ ብራድ ራፈንስፐርገር መሥሪያ ቤት በዚህ ዓመት የተደረገው ማጣራት ከ8 ሚሊዮን በላይ ተመዝጋቢዎች ውስጥ ያገኘው 20 ዜጋ ያልሆኑ ሰዎችን ነው። ማጭበርበር የለም አልልም፤ በ2018 በሰሜን ካሮላይና ዘጠነኛው የኮንግረስ ወረዳ በፖስታ የሚላኩ የድምፅ ወረቀቶች ላይ በተፈጸመ ማጭበርበር ምክንያት ምርጫው በሙሉ ተደግሟል። ያን ያደረጉት ግን ለፖለቲካ ዘመቻ በገንዘብ የተቀጠሩ ሰዎች ነበሩ፤ ፖስታ ሳይከፍቱ የቀሩ እናቶች አልነበሩም።

የጃንዋሪ 1 ልጅ
የኔም እናት ፖስታ አይከፍቱም። የመብራት ቤት ደብዳቤ ከሆነ ግን ከፖስተኛው እጅ ነጥቀው ያነባሉ።

መምህር ነኝ
ለጠያቂው አንድ ነገር ልጨምር። ምርጫው ካለፈ በኋላ መታወቂያ ሰጪው መሥሪያ ቤት ሄዳችሁ የዜግነት መረጃቸውን ካላስተካከላችሁ፣ ያው ባዶ ሣጥን በሚቀጥለው ምርጫ ሌላ ደብዳቤ ሊያመጣባችሁ ይችላል።

ሲልቨር ስፕሪንግ (ኖቬምበር 7)
የእትዬ ልጅ፣ እትዬ መረጡ ወይ? ሁላችንም እየጠበቅን ነው። እግረ መንገዴን የራሴን ልጠይቅ፤ ወንድሜ ግሪን ካርድ ነው ያለው፣ መንጃ ፈቃድ ሊያወጣ ሲሄድ ከሌሎቹ ወረቀቶች ጋር የመራጭነት መመዝገቢያ ቅጽ ሰጡት። በአቅራቢያችን ባለችው የሜሪላንድ ከተማ ታኮማ ፓርክ ዜጋ ያልሆኑ ሰዎችም ይመርጣሉ ሲባል ስለሰማ ሊፈርም ነው። ችግር አለው?

ከጠረጴዛው ጀርባ
እንዳይፈርም፤ ዛሬውኑ ይደውሉለት። ታኮማ ፓርክ ዜጋ ያልሆኑ ነዋሪዎቿን የምታስመርጠው ለከተማዋ ከንቲባና ምክር ቤት ብቻ ነው፤ ምዝገባውም በከተማዋ በኩል ለብቻው የሚካሄድ ነው። መንጃ ፈቃድ ቤት የሚሰጠው ቅጽ ግን ለፌዴራልም ለግዛትም ምርጫ ስለሆነ፣ ግርጌው ላይ ያለው ፊርማ የአሜሪካ ዜጋ ነኝ የሚል ነው። ዜጋ ያልሆነ ሰው በፌዴራል ምርጫ ድምፅ ከሰጠ እስከ አንድ ዓመት ሊታሰር፣ ከአገርም ሊባረር ይችላል። ድምፅ ባይሰጥ እንኳ የዜግነት ማመልከቻው ላይ ተመዝግበህ ታውቃለህ ወይ ተብሎ ይጠየቃል፤ አላወቅሁም ነበር የሚለው መልስ ሁልጊዜ አያድንም። ቀድሞ ፈርሞ ከሆነ ግን ስሙን ለማሰረዝ ከመሮጡ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክር፤ እዚህ ላይ ጠበቃ ያስፈልጋል።