ቀለሙ አልኮል ውስጥ ይበራል፣ መስታወት ላይ ሲደርቅ ይጠፋል

መምህሩ፣ ፍኖተ ሰላም፦
እንደምን ዋላችሁ። ለተማሪዎቼ ቅዳሜ የማሳየው ነገር እያዘጋጀሁ ነው። ጓደኛዬ ከባሕር ዳር ሮዳሚን 6ጂ የሚባል ብርሃን ሲያርፍበት የሚበራ ቀለም ትንሽ ላከልኝ። ኢታኖል (አልኮል) ውስጥ ቆንጠር አድርጌ ጨምሬ አረንጓዴ ሌዘር ሳበራበት ቢጫ ሆኖ ቦግ አለ። ጠብታውን መስታወት ላይ ሳደርቀው ግን ቀይ ሆኖ ቀረ። አረንጓዴ ቢጤ ያብለጨልጫል እንጂ አይበራም። ተበላሽቶብኝ ይሆን?

የላብ ሠራተኛ፣ ባሕር ዳር፦
አልተበላሸም፣ ተጠጋግቶ ነው። አልኮሉ ሲተን ሞለኪውሎቹ ይደራረባሉ። አንዱ የተቀበለውን ጉልበት በብርሃን ሳያወጣ ለጎረቤቱ ያቀብላል፣ ጎረቤቱም ለሌላው። በመጨረሻ ጥንድ ሆነው የተጣበቁት ጋ ይደርስና ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ካላመኑኝ የደረቀውን በአልኮል መልሰው ያሟሙት።

አልኮል ውስጥም መጠን አለው። 50 ሚሊግራም በ100 ሚሊሊትር ያሟሙ፣ ከዚያ 100 እጥፍ ያቅጥኑት። በሊትር 5 ሚሊግራም ይሆናል። የሞገድ ርዝመቱ 530 ናኖሜትር አካባቢ የሆነውን አረንጓዴ ብርሃን ይውጣል፣ 550 አካባቢ መልሶ ያወጣል። ከወፈረ የራሱን ብርሃን ስለሚውጥ ወደ ብርቱካናማ ያዘነብላል።

የቡሬው፦
ኢታኖል ካለቀ አረቄ አለ እኮ!

የላብ ሠራተኛ፣ ባሕር ዳር፦
በጣም ከቀጠነ ይሠራል። ግን አረቄ ግማሽ ያህሉ ውሃ ነው፤ ሮዳሚን ደግሞ ውሃ ውስጥ ቶሎ ይጣመራል። ቀለም የገባበትን ማንም እንዳይቀምሰው፣ አደራ።

ተማሪዋ፣ ደብረ ማርቆስ፦
መምህር፣ መስታወት ላይ ለሚደርቀው ስስ ሽፋን ሞለኪውሎቹን የሚያራርቅ ነገር ያስፈልግዎታል። እኔ የፒቪኤ (ውሃ ውስጥ የሚሟማ ፕላስቲክ) ዱቄት 90 ዲግሪ ገደማ በሞቀ ውሃ አሟሙቼ፣ ሲበርድ ቀለሙን ጨመርኩበት። ቀለሙ ከደረቁ ፒቪኤ ክብደት ከሺህ አንድ እጅ ባይበልጥ ይመረጣል። ዱቄቱ ከሌለ ውሃ የመሰለውን የወረቀት ሙጫ ይሞክሩ፤ ነጩ ኮላ ይደፈርሳል። በስሱ እንዲዘረጋ መስታወቱን አሮጌ የኮምፒውተር ፋን ላይ ለጥፌ ነው ያሽከረከርኩት። ካርቶን ይክበቡበት፣ የእኔ ግድግዳ ሮዝ ሆኖ ቀርቷል።

መምህሩ፣ ፍኖተ ሰላም፦
በሙጫው ሞከርኩት፣ በራ! ፋን ስላላገኘሁ ዝም ብዬ አፍስሼ ነው ያደረቅሁት። ዳር ዳሩን ግን ቀይ ቀለበት ሠራብኝ።

ተማሪዋ፣ ደብረ ማርቆስ፦
ዳሩ ቶሎ ስለሚደርቅ ቀለሙን ወደዚያ ይስበዋል። ደልዳላ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡትና ቀስ ብሎ እንዲደርቅ ሳሕን ይድፉበት። እስከ ቅዳሜ ፀሐይ አያሳዩት፣ ይደበዝዛል። ሌዘሩንም ከልጆቹ ዓይን ያርቁልኝ።