ከተማሪዎቼ ጋር የሳልነው የግድግዳ ሥዕል እየተላጠ ስለሆነ ምክር እሻለሁ
ሠዓሊ ስሆን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ አዲስ አበባ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት ሥዕል አስተምራለሁ። ባለፈው ግንቦት ከ24 ተማሪዎችና ከሰፈሩ እድርተኞች ጋር የግቢውን አጥር በአክሪሊክ ቀለም የሳልነው ሲሆን፣ ክረምቱ ካለፈ ወዲህ ከመሬት እስከ ጉልበት ያለው ክፍል ነጭ ጨው እያወጣና እያበጠ መላጥ ጀምሯል። ጥፋቱ የእኔ ሳይሆን አይቀርም፤ አዲስ የሲሚንቶ ልስን 28 ቀን ያህል መቆየት እንዳለበት እያወቅሁ፣ ለትምህርት መዝጊያው ለማድረስ ስል በሁለተኛው ሳምንት ሥራውን አስጀመርኩ። ሆኖም እርጥበቱ ከልስኑ ይሁን ከአጥሩ ጀርባ ካለው የጎርፍ መውረጃ ለይቼ ማወቅ አልቻልኩም። የተላጠውን ፍቀን በኖራ ብንቀባው ይይዛል ወይስ አስቀድሞ ውኃው መገታት አለበት? የታችኛውን ክፍል የሳሉት ትንንሾቹ ልጆች በመሆናቸው፣ ሥራቸውን ሳላጠፋ የማድንበትን መንገድ የሞከራችሁ ባለሙያዎች እንድትነግሩኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።