እስከ ቅዳሜ ኮማንዶን የሚወስድልኝ ሰው አለ? እባካችሁ

ሚሚ ነኝ (ማክሰኞ፣ ማታ 3፡20)
ቸኩዬ ነው የምጽፈው፣ ስህተት ካለ ይቅርታ። ቅዳሜ ቤት እለቃለሁ። አከራዬ ግቢውን ሸጡት፣ የገዛው ሰው ሊያፈርሰው ነው። እኔ አክስቴ ጋ እገባለሁ፣ ኮማንዶ ግን አብሮኝ መሄድ አይችልም። በጣም ፍቅር የሆነ ውሻ ነው። እንግዳ ሲመጣ በጀርባው ተንጋሎ ሆዱን ይሰጣል። እስካሁን 11 ሰው ጠይቄያለሁ። ሁሉም መጀመሪያ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦ «ይናከሳል?» አይናከስም ስላቸው ድምፃቸው ይቀዘቅዛል። ትላንት አንዱ «ታዲያ ምን ያደርግልኛል?» ብሎ ዘጋብኝ። ብር አልፈልግም። የሚወስደው ሰው ብቻ ጠቁሙኝ።

ቆፍጣናው
ወንድ ነው ሴት? ስንት ዓመቱ ነው? አዲስ አበባ ነሽ ሐዋሳ? ተከትቧል? ፎቶስ? ሰው እንዴት ይርዳሽ?

ሳቅ በሳቅ
ስሙ ኮማንዶ፣ ሥራው ሆድ መስጠት። ስሙን «አቀባበል ኮሚቴ» በይውና ሆቴል ይቀጠር።

አስተዋይ
እህቴ፣ አትቀየሚኝ እንጂ ጥፋቱ መጀመሪያ ላይ ነው። ውሻ 12፣ 13 ዓመት ይኖራል። የኪራይ ውል ስንት ዓመት ነው? ሰው አንድ እንስሳ ከማንሳቱ በፊት ነገ የት እንደሚያድር ማወቅ አለበት። ዛሬ ከተማው ላይ የምናየው የመንገድ ውሻ ሁሉ ትላንት የሆነ ሰው «ሲያሳዝን» ብሎ ያነሳው ነው። ኃላፊነት የሚባል ነገር አለ። እኔ ራሴ ውሻ እወዳለሁ፣ ግን የራሴ ግቢ እስኪኖረኝ አላሳድግም ብዬ ወስኛለሁ።

ሚሚ ነኝ
አስተዋይ፣ ልክ ነህ እንበል። ቅዳሜ ግን አለ። ኮማንዶን አስቤበት አይደለም ያነሳሁት። የዛሬ ሁለት ዓመት ሚኒባስ ገጭቶት ቦይ ውስጥ ተኝቶ ነው ያገኘሁት።
ቆፍጣናው፣ ይቅርታ። ገርጂ ነኝ። ወንድ ነው። ሐኪሙ ጥርሱን አይቶ አራት ዓመት ይሆነዋል ብሏል። ተራ የሀበሻ ውሻ ነው፣ ቡናማ፣ ደረቱ ላይ ነጭ አለው። የኋላ ቀኝ እግሩ በብርድ ትንሽ ያነክሳል። ተኮላሽቷል። የእብድ ውሻ ክትባቱን ሰኔ ላይ ወስዷል፣ ካርዱ አለኝ።

የሰበታው
ምን ያስጨንቅሻል? ሰበታ ወይ ሆለታ መንገድ ወስደሽ ገበሬ መንደር አጠገብ ልቀቂው። ያነሱታል። አጎቴ እንደዚህ ነው ያደረገው።

እማማ ቡና
ምን ማለትህ ነው አንተ ልጅ! የገጠር ውሻ ሰፈሩን ለባዳ ውሻ አይሰጥም፣ ተሰብስበው ነው የሚቦጫጭቁት። ማታ ደግሞ ጅብ አለ። እግሩ የሚያነክስ፣ ሰው ባየ ቁጥር የሚንጋለል ውሻ እዚያ አንድ ሌሊት አያድርም። ልጄ፣ እንዳትሰሚው።

ብሎክ 47
እኔ አንድ ነገር አልገባኝም። ለምን መሄድ አለበት? አክስትሽ ኮንዶሚኒየም ከሆኑ እኛ ብሎክ ላይ 4ኛ ፎቅ ውሻ ያለው ሰው አለ። ኮሚቴው የሚጮኸው ውሻው ሲጮህ ነው። ያንቺ ደግሞ አይጮህም። በዚያ ላይ ከ2016ቱ የቤት ኪራይ አዋጅ ወዲህ ውል ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም። ማነው በአንድ ሳምንት ውጪ የሚልሽ? ለውሻው ቤት ከመፈለግሽ በፊት ለራስሽ ተከራከሪ።

ሚሚ ነኝ
ውሉ አልቋል፣ የተነገረኝም አሁን አይደለም። እስካሁን ሰው አገኛለሁ እያልኩ ነው የቆየሁት። አክስቴ ደግሞ አስም አለባት፣ ቤቷም አንድ ክፍል ነው። ክርክሩን ለሌላ ጊዜ እናድርገው፣ በናትህ።

ሲልቨር ስፕሪንግ ያለሁት
ልቤን ነው የነካኝ፣ ብችል እኔ አስመጣው ነበር። ሌላ ሰው «አሜሪካ ላኪው» እንዳይልሽ ግን የማውቀውን ልንገርሽ። ኢትዮጵያ በሲዲሲ (የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል) ዘንድ የእብድ ውሻ በሽታ ስጋታቸው ከፍተኛ ከሆኑ አገሮች ውስጥ ናት። ከኦገስት 2024 ወዲህ ደግሞ ጠበቅ ብሏል። ማይክሮቺፕ ይገባለታል፣ ክትባቱ ከቺፑ በኋላ መሆን አለበት። ስለዚህ ቺፕ ከሌለው የሰኔው ክትባት አይቆጠርም። ከክትባቱ 30 ቀን ቆይቶ ደም ይወሰድና ውጭ አገር ላቦራቶሪ ይሄዳል። ደሙ ከተወሰደ በኋላ ቢያንስ 28 ቀን ሳይሞላ አሜሪካ አይገባም። ያም ሆኖ በተመረጡ አየር ማረፊያዎች ብቻ ነው የሚገባው፣ እኛ ጋ ዋሽንግተን አጠገብ ባለው ደለስ ላይ ቀድሞ ቀጠሮ መያዝ አለበት። የወራት ነገር ነው፣ ወጪውም ያማል። ለቅዳሜ አይሆንም።

ሳቅ በሳቅ
እኔ ዲቪ ስሞላ ይኼን ያህል አልጠየቁኝም።

የቢሾፍቱ ሐኪም
እህት፣ እኔ የእንስሳት ሕክምና የተማርኩ ነኝ። ቅዳሜ ደረሰ ብለሽ ለመጀመሪያው ሰው እንዳትሰጪው። በጣም የሚንጋለል ውሻ ማንም ሰው ገመድ ቢያስገባበት ይከተላል፣ ችግሩም እሱ ነው። የሚወስደውን ሰው ቤቱ ሄደሽ እይ። ሁለት ነገር ጠይቂ። አንደኛ፣ ቀን ሙሉ በሰንሰለት ነው የሚውለው? ከሰው ጋር የለመደ ውሻ ሲታሰር ወይ ቀን ከሌት ያላዝናል ወይ ጠባዩ ተበላሽቶ መናከስ ይጀምራል። ሁለተኛ፣ ከዚህ በፊት የነበረህ ውሻ ምን ሆነ? «ጠፋብኝ»፣ ከዚያ በፊትስ ስትይው አሁንም «ጠፋብኝ» ካለ፣ ያንቺም ይጠፋል።
ከተሰጠ በኋላ ዋናው አደጋ ማምለጥ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ብቻውን ከግቢ እንዳይወጣ። ውሻ የድሮ ቤቱን ፍለጋ አስፋልት አቋርጦ ይሄዳል፣ ያንቺ ደግሞ አንዴ በመኪና ተመትቷል። የሚተኛበትን ጨርቅ ሳታጥቢ አብረሽ ስጭው፣ ሽታው ያረጋጋዋል። ካርዱንም እንዳትረሺ፣ ክትባቱ በየዓመቱ ይደገማል። በነገራችን ላይ ምን ነው የሚበላው?

ሚሚ ነኝ
ሩዝ በአጥንት መረቅ፣ አንዳንዴ እንጀራ በወጥ።

የቢሾፍቱ ሐኪም
ወጡን ተይው። ሽንኩርት የውሻን ደም ይጎዳል፣ ቀይም ነጭም። ሰው ሁሉ ነው የሚሰጠው፣ ግን ተይው።

የሰበታው
አሁንም እላለሁ፣ ሰበታ።

እማማ ቡና
አንተን ራስህን ወስዶ የሚለቅህ ጠፋ እንጂ።

ቆፍጣናው
ጥበቃ ድርጅቶችን ሞክሪ። ፋብሪካ፣ መጋዘን። ውሻ የማይፈልግ መጋዘን የለም።

አስተዋይ
አይናከስም እያለች? ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባል ነበር። ይኼኛው በልቶ የሚተኛ ነው። መጋዘን ወስዶ ሌባ ሊያስተናግድ ነው?

ሚሚ ነኝ
ስለ ሌባ ከተነሳ ልናገር። ባለፈው የልብስ ሳፋዬ ሲሰረቅ እሱ ግቢ ውስጥ ነበር። የጎረቤቴ ልጅ እንዳየችው ሌባውን ጭራውን እየቆላ እስከ በር ሸኝቶታል። አልዋሽም፣ ለጥበቃ አይሆንም።

ችግኝ ቤት (ረቡዕ፣ ከሰዓት 9፡05)
እህቴ፣ እኔ አያት መንገድ ላይ ችግኝና አበባ እሸጣለሁ። የማይናከስ ውሻ ነው የምፈልገው። ሰዉ ስለ ጥበቃ ብቻ ስለሚያስብ እንጂ እንደኔ ዓይነት ቦታ ብዙ ነው። ቀኑን ሙሉ ሰው ይገባል ይወጣል፣ ልጆች የያዙ እናቶች ይመጣሉ። የነበረኝ ውሻ አንዷን ደንበኛዬን ነከሰብኝ። ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ያህል እግሯን አጠብን፣ ጤና ጣቢያ ወስጃት ክትባት ጀመረች፣ ውሻውም 10 ቀን ታስሮ ታየ። ደህና ነበር። ደንበኛዬ ግን አልተመለሰችም፣ እውነቷን ነው። እኔ የምፈልገው ማታ ሰው ሲመጣ ቢያንስ ተነስቶ የሚንጎራደድ ውሻ ነው። ዘበኛው ጋሼ እንቅልፍ ይወዳሉ፣ ውሻው ሲንቀሳቀስ ይነቃሉ። ሙስሊም ነኝ፣ ሱቅና ቤት ውስጥ አላስገባም፣ ግቢው ግን ሰፊ ነው። ጥላም አለው።

ሚሚ ነኝ
ወንድሜ! እያለቀስኩ ነው የማነበው። ሐኪሙ ጠይቂ ያለኝን ልጠይቅህ። ይታሰራል? የነከሰው ውሻስ ምን ሆነ?

ችግኝ ቤት
አይታሰርም። የነከሰውን አጎቴ እንጨት መጋዘን ወሰዱት። እዚያ መናከስ ሥራው ነው፣ ወፍሯል። ምግብ ከጎናችን ካለው ሥጋ ቤት ነው፣ በየቀኑ ትርፍ ይሰጡኛል።

የቢሾፍቱ ሐኪም
ጥሩ መልስ ነው። አንድ ነገር ግን፣ ከሥጋ ቤቱ የምታመጣውን ጥሬውን አትስጠው፣ በተለይ የበግ ሳንባና ጉበት። ውኃ የቋጠረ ነገር ይኖርበታል። ውሻው ሲበላው ሆዱ ውስጥ ትል ይሆናል፣ እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ይወጣና ወደ ሰው ይተላለፋል። ሰው ጉበት ላይ ሲያድግ ኦፕራሲዮን ድረስ ያደርሳል። በደንብ ይቀቀል። የዶሮ አጥንት ደግሞ ተቀቅሎም አይሆንም፣ ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል። የትል መድኃኒቱን ሲመጣ ስጠው፣ ከዚያ በየሦስት ወሩ። ልጆች ችግኝ የሚነኩበት ቦታ ስለሆነ ነው የማጠብቀው።

ችግኝ ቤት
ይኼን አላውቅም ነበር። እስከዛሬ ጥሬውን ነበር የምጥለው።

ብሎክ 47
አጥርህ ምንድን ነው? በዚያ መንገድ ችግኝ ቤቶች ቆርቆሮ እንኳን የላቸውም።

ችግኝ ቤት
ሽቦ ነው። በመንገዱ በኩል ቆርቆሮ አለ። በሩ ቀን ክፍት ነው፣ ሰው ይገባበታላ።

ሚሚ ነኝ
ሐሙስ ሄጄ አያለሁ።

ሳቅ በሳቅ
ኮማንዶ አበባ ሊሸጥ ነው። ለሠርግ ቅናሽ ይኖራል?

ሚሚ ነኝ (ሐሙስ፣ ማታ 2፡40)
አየሁት። ቦታው ደስ ይላል፣ ዘበኛው ጋሼ ከመምጣቴ ሻይ ጋበዙኝ። ኮማንዶን ይዤው ነበር። ችግኙ መሃል ገብቶ ሦስት ማሰሮ ገለበጠ፣ ከዚያ ጋሼ እግር ስር ተኛ። የበሩ ነገር ግን አላስተኛኝም። መኪናው በዚያ መንገድ ይበራል።

የቢሾፍቱ ሐኪም
ለሁለቱ ሳምንት ብቻ ቀን ቀን ውስጥ በኩል የሽቦ ክልል ይሠራለት፣ አራት ቋሚና ጥቅል ሽቦ ነው። መታሰር አይደለም፣ መንቀሳቀስ ይችላል። ማታ በሩ ሲዘጋ ይለቀቃል። አንቺ ደግሞ እዚያው ሰሞን ልጠይቀው ብለሽ እንዳትመጪ። ስትሄጂ ይከተልሻል። ሦስት ሳምንት ታገሺ።

ሚሚ ነኝ
ሦስት ሳምንት?

እማማ ቡና
ልጄ፣ እኔ ልጄን ዱባይ ስሸኝ ይኼን ያህል አልተመከርኩም። ሐኪሙ ያለሽን አድርጊ።

ችግኝ ቤት
ሽቦውን ነገ እገዛለሁ። ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ አምጪው።

የሰበታው
መጨረሻ ላይ ሰበታ ሳይሻል አይቀርም፣ ታያላችሁ።

ችግኝ ቤት (ቅዳሜ፣ ከሰዓት 11፡30)
እህታችን ስልኳን አጥፍታለች፣ ዕቃ እያጓጓዘች ይሆናል፣ ስለዚህ እኔ ልንገራችሁ። ኮማንዶ መጥቷል። ከነጨርቁ፣ ከነካርዱ። እሷ ስትወጣ አልጮኸም። ሩዙን አልነካም፣ ውኃ ግን ጠጥቷል። የሠራሁለት ክልል ውስጥ ሆኖ ወደ መንገዱ እያየ ተቀምጧል። ጋሼ አጠገቡ በርጩማ አስገብተው ሬዲዮ ከፍተውለታል።

የቢሾፍቱ ሐኪም
ሁለት ሦስት ቀን ባይበላ አትደንግጡ። ውኃ ከጠጣ ደህና ነው። አታባብሉት፣ አጠገቡ መቀመጡ ይበቃል። ጋሼ ልክ ናቸው።

ቡችላ ፈላጊ
ሰላም፣ አሁን ነው ያየሁት። ውሻው አለ? ይናከሳል?

ችግኝ ቤት (እሁድ፣ ጠዋት 1፡15)
ሌሊት ክልሉን ከፍተን ለቀነው ነበር። አሁን ልመግበው ስመጣ ጨርቁ ላይ የለም። ጋሼም የሉም፣ ቅዳሴ ሄደው ይሆናል። ችግኙ መሃል እየፈለግኩት ነው።

የቢሾፍቱ ሐኪም
ጋሼ ሲወጡ በሩን ማን ዘጋው?