ክርክር፦ ሕንድ በሌሎች መሣሪያ ታላቅ ኃይል ትሆናለችን?

የደብረ ማርቆሱ መምህር፦
የተነሣው ጥያቄ ሕንድ ከታላላቅ ኃይሎች ተርታ ለመሰለፍ የያዘችው የጸጥታ ስልት ያዋጣታል ወይ የሚል ነው፤ የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። እኔ ያዋጣታል ባይ ነኝ። «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» እንዲሉ፣ ከሩሲያ ኤስ-400 የአየር መከላከያ እየገዛች ከአሜሪካ፣ ከጃፓንና ከአውስትራሊያ ጋር ደግሞ ኳድ በተባለው የአራቱ አገሮች የጸጥታ መድረክ ትመክራለች። በ1998 የኑክሌር ሙከራ ስላደረገች ማዕቀብ የጣለችባት አሜሪካ፣ በ2008 የሲቪል ኑክሌር ስምምነት ፈርማላታለች።

ከቡሬ፦
መምህር፣ ምሳሌዎ መልካም ነው፤ ነገር ግን ሁለቱም ባላ የሰው ነው። በ2022 ባሕር ኃይሏ የተረከባት ቪክራንት በኮቺ የተሠራች፣ ሕንድ በአገሯ የገነባቻት የመጀመሪያዋ አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ናት፤ ኩራታቸው ይገባኛል። ይሁን እንጂ የሞተሯ ንድፍ የአሜሪካ፣ የሚነሡባት ሚግ-29ኬ ተዋጊ አውሮፕላኖች የሩሲያ፣ በ2025 ውል የተገባባቸው 26 ራፋል አውሮፕላኖች ደግሞ የፈረንሳይ ናቸው። መለዋወጫ የሚከለክል ወዳጅ፣ ጦርነቱ መቼ እንደሚቆም ይወስንልሃል።

የደብረ ማርቆሱ መምህር፦
ጥገኝነቱ እውነት ነው፤ ሆኖም ከ2009 እስከ 2013 ሕንድ ከውጭ ካስገባችው መሣሪያ 76 በመቶው የሩሲያ የነበረው፣ ከ2019 እስከ 2023 ወደ 36 በመቶ ወርዷል።

ከሞጣ፦
ሁለታችሁም ባሕሩን አይታችሁ ተራራውን ዘነጋችሁት። በ2020 በሂማላያ የሕንድና የቻይና ድንበር ላይ ባለው በጋልዋን ሸለቆ 20 የሕንድ ወታደሮች ያለቁት በጥይት አልነበረም፤ ሕንድና ቻይና በ1996 ከድንበር መስመሩ ሁለት ኪሎ ሜትር ውስጥ ላለመተኮስ ተስማምተው ስለነበር፣ በዚያ ቅዝቃዜ በድንጋይና ሚስማር በተመታበት ዱላ ተደባድበው ነው። ከዚያ ወዲህ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ጦር በሂማላያ ከፍታ ክረምት ከበጋ ተቀምጧል፤ ስንቁና መንገዱ የሚበላው ገንዘብ ለመርከብ ሊውል ይችል ነበር። ቻይና ግን በ2017 ጅቡቲ ላይ የጦር ሰፈሯን ከፍታለች። የጎጃም ገበሬ የሚጠብቀው ማዳበሪያ የሚራገፈው በዚያው በጅቡቲ ወደብ ነውና፣ የሕንድ ውቅያኖስ ፉክክር እኛንም ይመለከተናል። ሕንድ በየብስ እስከተያዘች ድረስ በውቅያኖሱ ቻይናን ልትመክት አትችልም፤ በጥቅምት 2024 በድንበር ቅኝት ላይ የደረሱበት ስምምነት ከአንድ ተጨማሪ አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ይበልጥ ይጠቅማታል የምለውም ስለዚህ ነው።