አባቴ ቀኑን ይረሳሉ፤ የቀኑን ውዳሴ ማርያም ግን አይረሱም

የመንዟ ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ አእምሮና ስለ ትውስታ የምታውቁ ካላችሁ አስረዱኝ።

አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ መንዝ ውስጥ፣ ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ ባለ ደብር ሲያስተምሩ ኖሩ። እናቴ ካረፈች በኋላ ባለፈው መስከረም ደብረ ብርሃን ወደ እኔ ቤት አመጣኋቸው።

ጠዋት ጠዋት በርኖሳቸውን ደርበው ይቀመጡና «ዛሬ ቀኑ ማን ነው?» ይሉኛል። «ማክሰኞ ነው አባባ» እላለሁ። ወዲያው የማክሰኞውን ውዳሴ ማርያም ይጀምራሉ። አንድ ቃል አይዘሉም፤ በግእዙ የንባብ ሥርዓት ድምፁ የሚነሣውን፣ ተነሹን፣ ያነሣሉ፤ የሚወድቀውን፣ ወዳቂውን፣ ይጥላሉ። ጨርሰው ቡናው ሳይቀዳ «ዛሬ ቀኑ ማን ነው?» ይላሉ። ስነግራቸው እንደ አዲስ ይጀምሩታል። ባለፈው ሳምንት አንድ ቀን አራት ጊዜ ደገሙት።

ቁርስ መብላታቸውን አያስታውሱም። ሌሊት ሲነሡ በሩ ይጠፋባቸዋል፤ በመንዙ ቤታችን በር በነበረበት በኩል ሄደው ቁም ሣጥኑን ይገፋሉ። እዚያ ያለውን የገብስ ማሳ ግን ድንበሩን ከነድንጋዩ፣ አዋሳኙን ከነአያቱ ስም ይቆጥሩልኛል።

ወንድሜ «አሁን እኮ ደግመውታል» ይላቸዋል። ያን ጊዜ ፊታቸው ይጨልማል፤ እስከ ምሳ ድረስ ቃል አይወጣቸውም። ጎረቤቶች ደግሞ «በትምህርት ብዛት አእምሯቸው ደክሞ ነው» ይላሉ፤ ይህ ንግግር ውስጤን ያቆስለዋል። ያ ሁሉ ቃል ተቀምጦ የዛሬው ቁርስ ለምን ይጠፋል? ደግሞስ ወደ መንዝ ብመልሳቸው ይሻላቸው ይሆን?

የሥነ ልቦና መምህር፦

እኅቴ፣ ትምህርት አእምሮን አድክሞ አይጥልም፤ የጎረቤቶችሽን ወሬ ከልብሽ አውጪው። ነገሩ ግራ የሚያጋባው ትውስታን እንደ አንድ ጎተራ ስለምናስበው ነው። ጎተራው ቢቀደድ እህሉ ሁሉ በፈሰሰ ነበር። አንድ ጎተራ አለመሆኑን አጥርተው ካሳዩን ተመራማሪዎች ግንባር ቀደሟ ብሬንዳ ሚልነር ናቸው። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፋለሁ።)

ሄንሪ ሞሌይሰን የሚባል አሜሪካዊ በሚጥል በሽታ ሲሠቃይ ኖሮ፣ በ1953፣ በ27 ዓመቱ፣ ሐኪም ከአእምሮው ግራና ቀኝ፣ ከጆሮው በላይ ወደ ውስጥ ጠለቅ ብሎ ያለውን ክፍል ቆርጦ አወጣለት። ሂፖካምፐስ የሚባለው አካል ትልቅ ክፍሉ አብሮ ወጣ። የሚጥለው ነገር ቀነሰለት፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን አዲስ ነገር መያዝ ተሳነው። ሚልነር ከሞንትሪያል በባቡር እየሄዱ ያጠኑት ነበር፤ በሄዱ ቁጥር እንደ አዲስ እንግዳ ይቀበላቸዋል። ልጅነቱን ግን ያስታውሳል። አንድ ቀን 584 የሚል ቁጥር እንዲይዝ ነገሩት። ብቻውን ተቀምጦ እያሰላሰለ ሩብ ሰዓት ያህል ያዘው። ሐሳቡን ወደ ሌላ ነገር ሲመልሱት ግን ቁጥሩም፣ ቁጥር ያዝ መባሉም አብረው ጠፉ።

ከዚህ ሁሉ እኔን የሚገርመኝ የኮከቡ ነው። እጁን ሳያይ፣ መስታወት ብቻ እየተመለከተ፣ በሁለት የኮከብ መስመሮች መካከል እርሳስ እንዲነዳ አደረጉት። ተማሪዎቼን በየዓመቱ አሠራቸዋለሁ፤ እርሳሱን ወደ ላይ ሲሉት ወደ ታች ይወርዳል፣ የኮከቡ ማዕዘን ላይ ሲደርሱ እጃቸው ደርቆ ይቀራል። ሄንሪ በሦስት ቀን ውስጥ ስሕተቱ እያነሰ መጣ። በሦስተኛው ቀን ጥሩ አድርጎ ሲሠራው ግን ከዚያ በፊት መሥራቱን ፈጽሞ አያውቅም ነበር። እጁ የተማረውን እሱ አልሰማም።

የአባትሽ ውዳሴ ማርያም ከስንት ዓሥር ዓመታት በፊት ገብቶ፣ ከትንፋሻቸውና ከምላሳቸው ጋር ተዋሕዶ፣ በየቀኑ ሲታደስ የኖረ ነው። እንዲህ ያለው አሮጌ ትውስታ እንደ ዛሬው ቁርስ በሂፖካምፐስ ላይ አይንጠለጠልም። ቁርሱ ግን ገና ዛሬ የመጣ ነው፤ የሚቀበለው ከታመመ በር ላይ ይቀራል። የመርሳት በሽታ ብዙ ጊዜ ጉዳቱን የሚጀምረው በዚያው አካባቢ ነው። አባትሽን የያዛቸው ይህ ነው አልልም፤ ያን የሚለው ያያቸው ሐኪም ነው።

የቁም ሣጥኑም ነገር ከዚሁ ጋር ይያያዛል። በ1971 ጆን ኦኪፍ የሚባል ተመራማሪ ለንደን ውስጥ አይጦች ሲንቀሳቀሱ የሂፖካምፐሳቸውን ሕዋሳት የኤሌክትሪክ ምልክት እየቀዳ ሲያዳምጥ፣ አንዱ ሕዋስ አይጧ አንድ ቦታ ስትደርስ፣ ሌላው ሌላ ቦታ ስትደርስ እንደሚነቃ አገኘ። በ2014 ከሌሎቹ ተመራማሪዎች፣ በወቅቱ ባልና ሚስት ከነበሩት ከሞዘሮች ጋር የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። የአዲስ ቤት ካርታ የሚነደፈው እዚያ ነው። አባትሽ ሌሊት የሚሄዱት በአሮጌው ካርታ ነው። ተስፋ ግን አትቁረጪ፤ ሄንሪ እንኳ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የገባበትን ቤት ለዓመታት ሲመላለስበት ቆይቶ የክፍሎቹን አቀማመጥ መሣል ችሏል። መንገዱን በየቀኑ አብረሻቸው ሂጂ፤ ዕቃ ከቦታው አታንቀሳቅሺ።

የቀድሞ የቆሎ ተማሪ፦

አንብቤ አለቀስሁ። የኔታዬ ትዝ አሉኝ። እኛ ቃል የምንይዘው ማታ ነበር፤ መብራት የለም፣ መጽሐፍ የለም፣ የኔታ ይላሉ እኛ እንቀበላለን። የመንዝ ብርድ አጥንታችንን እየበላው፣ አንድ ባና ለሦስት ለብሰን። የተቀበልነውን ሳንመልስ እንቅልፍ የለም።

አንድ ነገር ልንገርሽ። ቃል ከመካከል አይነሣም። ተማሪ መሐል ላይ ቢጠፋበት ከራሱ ጀምሮ ካልመጣ አያገኘውም። አባትሽ አንድ ቀን ቢቆሙ «ቀጥሎስ?» ብለሽ አትጠይቂያቸው፤ የመጀመሪያውን ቃል አንቺው በይላቸው፣ ይከተሉታል። ወንድምሽንም ንገሪው። መሪጌታ «ደግመውታል» አይባሉም። መድገም እኮ ሥራቸው ነው።

መምህርን ደግሞ ልጠይቅ፦ የእኛን ሊቃውንት አእምሮ የውስጥ አካልን ምስል በሚያነሣው መሣሪያ፣ በኤምአርአይ፣ ያየ አለ?

የሥነ ልቦና መምህር፦

የሚቀርበውን ልንገርህ። በ2016 የወጣ ጥናት ሕንድ ውስጥ ከልጅነታቸው ጀምሮ የሂንዱ ቅዱሳት መጻሕፍትን፣ ቬዳን፣ በቃላቸው የሚይዙ 21 ሊቃውንትን በኤምአርአይ አይቶ እንዲህ ያለ ትምህርት ከሌላቸው ሰዎች ጋር አነጻጽሯል። በብዙ የአእምሮ ክፍሎች፣ በቀኙ ሂፖካምፐስም ጭምር ልዩነት ተገኝቷል። ትምህርቱ አእምሯቸውን ለወጠው ወይስ አስቀድሞ እንዲያ ያለ አእምሮ ያላቸው ናቸው የጸኑበት የሚለውን ግን እንዲህ ያለ የአንድ ጊዜ ምስል አይፈታውም። ገና ፊደል የሚቆጥር ሕፃን አይቶ ድጓ እስኪያስመሰክር የሚከታተል ያስፈልጋል። ከዕድሜዬ አሥር ዓመት ሰጥቼ ብሠራው ደስ ይለኛል።

ነርስ ከሸዋ ሮቢት፦

እኅቴ፣ በመጀመሪያ ሆስፒታል ውሰጃቸው። የታይሮይድ ችግር፣ የቫይታሚን ቢ 12 ማነስ፣ አንዳንድ የእንቅልፍ መድኃኒት፣ ጥልቅ ሐዘንም ሰውን ያስረሳል፤ እነዚህ ይታከማሉ። እናትሽ ማረፋቸውንም ለሐኪሙ ንገሪ። የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ይዘሽ ሂጂ። ጆሯቸውም ይታይ። ሌሊት መብራት አታጥፊባቸው።

የመንዟ ልጅ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለት ሳምንት ዘግይቼ መመለሴን ይቅር በሉኝ።

ሆስፒታል ወስጃቸው ለምርመራ ደም ሰጡ። የመተላለፊያው መብራት አይጠፋም፤ የበሩን እጀታ ነጭ ጨርቅ አሰርሁበት፤ ጠዋትና ማታ ከአልጋ እስከ በር እጃቸውን ይዤ እንሄዳለን። ቁም ሣጥኑን አሁንም ይገፋሉ፤ ትናንት ሌሊት ግን በሩን ራሳቸው አገኙት። ወደ መንዝ የመመለሱን ነገር እስከ ፋሲካ አቆይቼዋለሁ።

ለወንድሜ የጻፋችሁትን አነበብሁለት። አልመለሰልኝም፤ ከዚያ ወዲህ ግን «ደግመውታል» ሲል አልሰማሁም።

ሐሙስ ዕለት ቀኑን ሲጠይቁ የዘጠኝ ዓመቱ ልጄ «ሐሙስ ነው አባባ» አላቸው። እየተከተላቸው ማለት ጀመረ። ወዳቂውን ሲያነሣ መቋሚያቸውን ወለሉ ላይ መታ አደረጉና «ጣለው» አሉት። መለሰው፤ እንደገና አነሣው፤ «ጣለው» አሉት። ቡናው በረደ። ሦስተኛው ላይ ሲጥለው ፈገግ ብለው «የማን ልጅ ነህ?» አሉት። ቀና ብሎ አየኝ፤ ከዚያ «የልጅዎ ልጅ ነኝ» አለና ቀጠለ።

የደሙ ውጤት ሰኞ ይደርሳል ተብለናል። ሲመጣ እጽፍላችኋለሁ።