ኦርኬስትራውና ቢቱ አልስማማ አሉኝ

ታቦር ሥር (ሀዋሳ)

ሰላም ቤተሰብ። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር 6 ደቂቃ የምትሆን አኒሜሽን እየሠራን ነው። ጀግናዋ አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ያደገች፣ የመብረር ኃይል ያላት ልጅ ናት። ክፉው ደግሞ አባ ኮዳ የሚባለው ወፍ፣ ያውም ግዙፍ ነው (ሀዋሳ የኖረ ሰው ለምን እንደሆነ ይገባዋል)። ሥዕሉ የእነሱ፣ ሙዚቃው የእኔ።

ኦርኬስትራውን በሳምፕል (ተቀርጾ በተዘጋጀ የመሣሪያ ድምፅ) ሠራሁት፣ ለብቻው ያምራል። የኤሌክትሮኒክ ቢቱም ለብቻው ያምራል። አንድ ላይ ሲሆኑ ግን አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሬዲዮ የተከፈተ ነው የሚመስለው። ታች ያለው ወፍራም ድምፅ ይጉረመረማል፣ ቫዮሊኑ ይዋጣል፣ ልጅቷ ከሐይቁ ላይ ስትነሳ ሰውነት መውረር ሲገባው ምንም የለም። ሁለቱንም ድምፅ ብጨምር ጭራሽ ባሰበት። ላፕቶፔ ራሙ 8 ጊጋ ነው፣ ቫዮሊኑን ስከፍት ማራገቢያው ራሱ እንደ ሄሊኮፕተር ይነሳል። ከየት ልጀምር?

ቤዝ ወዳጅ

መጀመሪያ ድምፅ መጨመሩን ተው። ኪኩ (ከባዱ የከበሮ ምት)፣ የሲንቱ (የኤሌክትሮኒክ መሣሪያው) ቤዝና ኮንትራባሱ ሦስቱም ከ40 እስከ 100 ኸርዝ አካባቢ ተደራርበዋል። ባጃጅ ፊት ወንበር ላይ ከሾፌሩ ጋር ሦስት ሰው እንደመጫን በለው። በየትዕይንቱ ታች ያለውን ቦታ ለአንዱ ብቻ ስጥ። ስትበር ሲንቱ ይያዘው፣ ኮንትራባሱን ዝም አሰኘው፣ ከቼሎውም ከ120 ኸርዝ በታች ያለውን ቁረጥ። መሬት ላይ ስትሆን ደግሞ ገልብጠው። ኪኩ በመታ ቁጥር ቤዙ ለቅጽበት ዝቅ እንዲል ሳይድቼይን አድርግበት።

ሁለተኛ፣ የኦርኬስትራ ሳምፕልህ አዳራሽ ውስጥ የተቀረጸ ይሆናል፣ ሲንትህ ግን ምንም ክፍል የለውም፣ ደረቅ ነው። ሁለት ሬዲዮ የመሰለህ አንዱ በዚህ ነው። ከሲንቱ ላይ ትንሽ ወደ ኦርኬስትራው ሪቨርብ (የአዳራሽ ማስተጋባት) ላክ። ኪክና ቤዝ ግን እንዳትልክ፣ ጭቃ ይሆንብሃል።

የአዳማው

የላይኛው ያለው ልክ ነው፣ ግን ያ ጽዳት ነው። ማዋሃድ ሌላ ነው። በ2018 የወጣውን «ስፓይደር ማን፦ ኢንቱ ዘ ስፓይደር ቨርስ» በጆሮ ማዳመጫ እየው። ሙዚቃውን የሠራው ዳንኤል ፔምበርተን ኦርኬስትራ ቀረጸና ሸክላ ላይ አስደረገው፣ ከዚያ ዲጄ ያንኑ ሸክላ በእጁ ወደ ፊት ወደ ኋላ እያሻሸ ስክራች አደረገው፣ የወጣው ድምፅ ተመልሶ ፊልሙ ውስጥ ገባ። የፊልሙ ጀግና የብሩክሊን ልጅ ነው፣ ሂፕ ሆፕ ሰምቶ ያደገ፣ ስለዚህ ኦርኬስትራው ራሱ ቢት ሆነለት። አጠገብ ለአጠገብ አላስቀመጣቸውም። ፕራውለር የሚባለው ክፉ ሲመጣ የሚሰማውን ዝሆን የሚመስል ጩኸት ደግሞ አንዴ የሰማ አይረሳውም። ገጸ ባሕርይውን ሳታየው ትፈራዋለህ።

ሸክላ አያስፈልግህም። የቫዮሊኑን ዜማ ወደ ኦዲዮ አውጣው፣ ቆራርጠው፣ ወደ ኋላ አጫውተው፣ ከቢቱ ጋር ስፋው። ኦዲዮ ከሆነ በኋላ ሳምፕሉን ትዘጋዋለህ፣ ራምህም እፎይ ይላል።

አባ ኮዳውን በተመለከተ፦ ይህ ወፍ እንደሌላው አይዘምርም። መንቁሩን እያጋጨ ቋ ቋ ነው የሚያደርገው። ጠዋት ስልክህን ይዘህ አሞራ ገደል ውረድና ቅረጸው። በግማሽ ፍጥነት ስታጫውተው አንድ ኦክታቭ ይወርዳል፣ በሩብ ሁለት። ሥሩ ትሮምቦን አስገባበት። ከዚህ የበለጠ ክፉ አታገኝም።

ክራር በዲስቶርሽን

«ማሲንቆ ጨምርበት» የሚል ሳይመጣ ልቅደም። ኢትዮጵያዊ ስለሆነ ብቻ ባህላዊ መሣሪያ ሁሉ ቦታ አይወተፍም፣ የቱሪዝም ማስታወቂያ ነው የሚመስለው። ካስገባህ ግን ሥራ ስጠው። እኔ ክራር በዲስቶርሽን (ድምፅ በሚያሻክር ኢፌክት) አሳልፌ እንደ ሲንት ተጠቅሜበት አውቃለሁ፣ ማን እንደሆነ ማንም አልለየውም። ክራሩ በጆሮ ስለሚቃኝ ከሲንቱ ጋር በትንሹ ይዛነፋል። ሲንቱን ወደ ክራሩ አምጣው እንጂ ክራሩን አታስተካክል፣ ነፍሱ እዚያ ነው ያለችው።

ሌላ፣ የቫዮሊን ሳምፕል ቀስ ብሎ ነው የሚነሳው፣ ስለዚህ ኖታው ልክ ቢቱ ላይ ቢቀመጥም ዘግይቶ ይሰማል። ትራኩን በጥቂት ሚሊሰከንድ አስቀድመው። እዚህ ነገር ላይ እኔ ሁለት ወር ነው ያቃጠልኩት፣ አንተ አታቃጥል።

ታቦር ሥር (ሀዋሳ)

ጌቶቼ፣ ተባረኩ! ኮንትራባሱን ሳጠፋው በረራው ወዲያው ተነፈሰ። ግማሹን ስትሪንግ ኦዲዮ አደረግኩት፣ ማራገቢያውም ጸጥ አለ።

ዛሬ ጠዋት አሞራ ገደል ወረድኩ። አንዱ አባ ኮዳ የዓሣ አንጀት ሊነጥቅ ሲል ሌላው ላይ መንቁሩን አንቋቋበት፣ ልክ የፈለግኩት! ችግሩ በዚያው ሰከንድ ከኋላዬ ባጃጅ ጥሩንባ ነፋ። አሁን ሁለት ኦክታቭ ወርዶ መርከብ ይመስላል፣ ክፉኛ ወደድኩት፣ ግን ከትሮምቦኑ ጋር ግማሽ ድምፅ ይጋጫል። ጥሩንባውን ላውጣው?

የአዳማው

ኧረ በፍጹም! ትሮምቦኑን ወደ ባጃጁ ቃኘው።