«ለማጅ» ያልለመደ ሰው ስም እንዴት ሆነ?

የደብረ ብርሃኗ ለማጅ፦
መኪና መንዳት መማር ከጀመርሁ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። የምነዳው መኪና ከፊትም ከኋላም «ለማጅ» ተብሎ ተጽፎበታል። ትናንት ወደ ጠባሴ ስንሄድ ሞተሩ መንገድ መሐል ጠፋብኝ። ከኋላዬ የነበረው የባጃጅ ሾፌር ጡሩምባ ሳያሰማ ጠበቀኝ፤ ጽሑፉን አይቶ መሆን አለበት። ከዚያ ወዲህ ቃሉ ከአእምሮዬ አልወጣም። ገና ያልለመድሁት እኔ እንዴት «ለማጅ» እባላለሁ? የ«ለመደ» «ደ»ስ የት ሄዳ ነው «ጅ» የመጣችው?

ጡረተኛ የአማርኛ መምህር፣ አንኮበር፦
ልጄ፣ ጥሩ ጠይቀሻል። ከ«ጅ» ልጀምር። «ጀማሪ» ስትዪ መጨረሻው ላይ «ኢ» ትሰሚያለሽ፤ የአድራጊ ምልክት ነው፤ ግዕዙም «ጸሓፊ» ይላል። ይህ ድምፅ ከ«ደ» ጋር ሲገናኝ «ጅ» አድርጎ ይለውጣትና ራሱ እዚያው ይዋጣል፦ ወለደ ወላጅ፣ ወሰደ ወሳጅ፣ ነደደ ነዳጅ። ከፈተ ከፋች፣ ለመነ ለማኝ፣ መረጠ መራጭ ያሰኘንም እርሱው ነው። ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሁለቱን ስጽፍ ሦስተኛውን ልጆቹ ራሳቸው ያገኙት ነበር፤ ያን ጊዜ የነበረኝ ደስታ ዛሬም አብሮኝ አለ።
«ለማጅ» በመልመድ ላይ ያለ ነው፤ የጨረሰው «የለመደ» ይባላል። «ተማሪ»ንና «የተማረ»ን አስተያዪ።

የገበሬ ልጅ፣ መንዝ፦
እኛ ዘንድ ቃሉ ከመኪና በፊት የበሬ ነው። አባቴ ወይፈኑን ከሽማግሌው በሬ ጋር ጠምዶ የገብሱን ማሳ ያርስ ነበር። ወይፈኑ ትልም ይስታል፣ ይተኛል፣ ቀንበሩን ያጣምማል። አባቴ «አሁን ለመደ» የሚለው ማሳው ዳር ሲደርስ ሳይነገረው የዞረ ቀን ነው። ስለዚህ መልመድ ለእኔ የእግርና የትከሻ ነገር ነው፤ መማር ሌላ ነው።

ጡረተኛ የአማርኛ መምህር፣ አንኮበር፦
የመንዙ ልጅ፣ ተባረክ! በዕብራይስጥ ይኸው ሥር «ላማድ» ሆኖ «ተማረ» ማለት ነው፤ የአይሁድ የሕግ ትምህርት መጽሐፍ «ታልሙድ»ም ስሙ ከዚያው ይወጣል። እኛ መማርን ከግዕዙ «ተምህረ» ወስደን «ለመደ»ን ለልማድና ለልምምድ አስቀረነው። በሬውን ግን ዕብራይስጡም አልረሳውም፤ መሳፍንት 3፥31 ላይ ሰሜጋር ፍልስጥኤማውያንን የገደለበት የበሬ መውጊያ በዕብራይስጡ «ማልማድ» ይባላል።

የደብረ ብርሃኗ ለማጅ፦
አባባ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ወንድሜ፣ አንተንም። ነገም ጠባሴ መንገድ ላይ ነኝ። ሳይነገረኝ የዞርሁ ቀን እጽፍላችኋለሁ።